ለእናቴ፣ በትልልቅ ፊደል

አዲስ አበባ
መጋቢት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናፍቆትሽ ብቻ ነው ያስቸገረን።

ዛሬ ገብር ኄር ነው። ከቅዳሴ ተመልሼ፣ ልጆቹ እንደተኙ ነው የምጽፍልሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «በይ ሂሳብሽ እንዳያልቅ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ግን አይዘጋም።

በልጉ እንዴት ነው? ዘነበላችሁ? እዚህ ሁለት ቀን ወርዶ ተወው። ወንድሜ ገብሱን ዘርቶ ከሆነ ምነው ትንሽ በታገሰ እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ነገሩ የዘገየም ያው ነው፣ የቸኮለም ያው ነው፤ ሰማዩ ነው የሚያውቀው። የጓሳ ንፋስስ በረታ? በሌሊት አትውጪ። እባክሽ በሌሊት አትውጪ።

ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን «ጸደይ መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሃምሳ ስድስት ልጅ በአንድ ድምፅ «መስከረም!» አለኝ። አደይ አበባን እያሰቡ ነው። ጸደይ መጋቢት 26 ገብቶ ሰኔ 25 ነው የሚወጣው ብላቸው ያመነኝ የለም። አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ታዲያ አበባው የታለ?» አለኝ። መስኮቱን ሳይ ግቢው አቧራ ብቻ ነው። አንቺን አሰብኩ። በልግ ያልወረደበት ጸደይ ምን አበባ አለው ትይው ነበር።

ጓሮዬን ብታዪልኝ ደስ ባለኝ። አምስት እርምጃ በሦስት ብትሆን ነው፣ ከአከራዬ ኩሽና ጀርባ። ቆስጣው ደርሷል። ጾሙን ገበያ ሳልወጣ ከጓሮ እየቀነጠስኩ ነው ወጥ የምሠራው። ጎመኑን ግን ክሽክሽ ገባበት። አንቺ እንደምታደርጊው በጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ አመድ ነሰነስኩበት። ሦስት ቀን ደጋገምኩት፣ አሁን ቀለል ብሎለታል። በሶብላና ጤና አዳሙ በቀለም ባልዲ ውስጥ ናቸው። ጤና አዳሙን ታውቂዋለሽ፤ ከደጅሽ የገነጠልኩት ነው። ከነመዓዛው እዚህ አለ። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ አትክልት የታጠበበትን እንኳ አልደፋም።

ትልቁ ልጄ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ሌሊት መብራት አያጠፋም። ቁመቱ አባባን አልፏል። መካከለኛዋ መምህር አልሆንም ትላለች፤ ደመወዜን አይታ ነው፣ አልፈርድባትም። ትንሿ ጥር ላይ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ሹራብ መሥራት እያስተማርኳት ነው። ማታ ደብተር ሳርም አጠገቤ ትቀመጣለች። አንዲት ጥልፍ ስታመልጣት አትናገርም፣ ዝም ብላ ትቀጥላለች። አምስት መስመር ከሄደች በኋላ ነው የማየው። ተርትሪው ስላት ታለቅሳለች።

እኔም ቀኑን ሙሉ እሠራለሁ። በዕረፍት ሰዓት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ስብሰባ ላይ ሳይቀር። ርዕሰ መምህሩ ለምዶኛል።

ሹራቡ የአንቺ ነው። ለፋሲካ ይዤልሽ ልመጣ ነው። ከራስሽ ፈትል ነው የምሠራው፣ ጥቁሩን የመንዝ በግ ጠጉር እንዳለ፣ ቀለም ሳላስነካው። ጀርባውን አምና በላክሽልኝ ልቃቂት ጨረስኩት። እንዴት ያለ ክር ነው! ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት። የሥራ ባልደረቦቼ የፋብሪካ መስሏቸው የት እንደገዛሁት ጠየቁኝ። እናቴ በእንዝርት የፈተለችው ነው ስላቸው እየተቀባበሉ በጣታቸው ዳሰሱት።

ደረቱን ጥር ላይ በላክሽው ጀመርኩ።

እማዬ፣ ይኼኛው እንደዚያኛው አይደለም። አንድ ክንድ ያህል እንደ ገመድ ይወፍራል። ቀጥሎ ይሳሳና ይበጠሳል። በአንዱ ልቃቂት ውስጥ አሥራ ሰባት ቋጠሮ ቆጠርኩ። ጠጉሩ ውስጥ ገለባ አለ፣ ሳይለቀም ተነድፎ። እኔን አንዲት ቋጠሮ አይተሽ «ይኼንን ነው ሸማኔ ፊት ይዘሽ የምትቀርቢው?» ብለሽ ከሥር ያስጀመርሽኝ አንቺ ነሽ።

መጀመሪያ ሰው አስፈትላ ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ሌላው ነገር ሁሉ መጣብኝ። ለገና ስመጣ ቡና ስትቀጂ ጣትሽን ሲኒው አፍ ላይ አድርገሽ ነበር የምትለኪው። አይቼ ዝም አልኩ። መነጽሬ ጠፋ ካልሽ ዓመት አለፈው። ደብዳቤዬን የጎረቤት ልጅ ነው የሚያነብልሽ። መሠረተ ትምህርት በ1971 ተጀምሮ እኛ ቀበሌ ሲደርስ ከሰፈሩ ሴት ሁሉ ቀድመሽ ፊደል የለየሽው አንቺ ነሽ። ምስክር ወረቀቱን ከአባባ ፎቶ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽበታል። እንዲህ ያለ ሰው መነጽር ጠፋብኝ ብሎ ዓመት አይቀመጥም።

አይታይሽም አይደል?

ወንድሜን ጠየቅኩት። «ደህና ናት፣ እርጅና ነው» አለኝ። አንድ ግቢ እየኖረ! ተናድጄበት ስልኩን ዘጋሁበት። በኋላ ሳስበው እኔም ገና ላይ አይቼ ዝም ያልኩ ነኝ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ልጁ እንዳያነብልሽ። ፊደሉን እንደ ሰሌዳ ጽሕፈት ያገዘፍኩት ለዚህ ነው። ከደጅ፣ ብርሃን ላይ ወጥተሽ ራስሽ ሞክሪው።

በሰባ ሰባት አክስቴ ልትወስደኝ የመጣች ዕለት አንቺ ደጃፉ ላይ ተቀምጠሽ ትፈትይ ነበር። እትዬ እጄን ይዛለች። ያቺን የተጣፈች ነጠላሽን አልብሰሽኛል። «ሂጂ፣ ሰው ትሆኛለሽ» አልሽኝ። ቀና ብለሽ አላየሽኝም። እንዝርቱን እያየሽ ነው የሸኘሽኝ። ወንድሜ ጉልበትሽ ሥር ነበር፣ እሱ ቀረ። እስከ ትልቁ ዛፍ ድረስ እየዞርኩ አየሁሽ። አንገትሽ እንደተደፋ ነበር።

ለምን እንደላክሽኝ ከገባኝ ቆይቷል። ጎተራው ባዶ ነበር። አባባ ለሥራ ወጥቶ አልተመለሰም ነበር። እትዬ ባትወስደኝ ዛሬ መምህር ልሆን አይደለም፣ በሕይወት መኖሬንም እንጃ። መላክሽን አልወቅስሽም። የምወቅስሽ ቀና አለማለትሽን ነው። አርባ አንድ ዓመት አንድም ቀን አላነሳሁትም። የበቅሎዋን ነገር አንስተን ተጣልተናል፣ የሠርጌን ነገር አንስተን ተጣልተናል። ይኼን ግን አንቺም አላነሳሽው፣ እኔም።

የካቲት ላይ ትንሿ ከክፍሏ ልጆች ጋር ለአንድ ቀን ጉብኝት ስትሄድ ሸኘኋት። ለአንድ ቀን ነው፣ ማታ ትመለሳለች። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት እጇን ስታወዛውዝልኝ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ወደ ጫማዬ አየሁ። እዚያው እንደቆምኩ አንቺን አሰብኩሽ። ቀና ብትዪ አትለቂኝም ነበር እንዴ? ይኼን ብቻ ንገሪኝ። እንደዚያ ካልሆነም ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ።

ይኼን ራስሽ ማንበብ ካልቻልሽ ግን ያው መልስ ነው፣ አብረሽኝ ትመጫለሽ ማለት ነው።

አንድ የዓይን ነርስ አነጋግሬያለሁ። ሞራ ከሆነ ይወጣል። እንደምትፈሪው ሰውን አያስተኙም። ዓይኑን ብቻ አደንዝዘው ሞራውን ያወጡና በምትኩ ትንሽ ሌንስ ያስገባሉ። ብዙ ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ሞራ ካልሆነ ደግሞ… ሌላም የዓይን በሽታ አለ፤ ዝም ብሎ ብርሃንን የሚሰርቅ። የሄደውን አይመልሱትም፣ የቀረውን ግን በመድኃኒት ያቆዩታል። በየወሩ ያለቀው እያለቀ ነው፣ እማዬ። እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው። በቡና፣ በጸበል፣ «ከፋሲካ በኋላ፣ ከአዝመራ በኋላ» እየተባለ እንዳይሄድ። ጸበሉን ተዪ አልልሽም። አብረን እንጠጣለን። ሐኪምም እናያለን።

ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። መንገዱ ሰላም ከሆነ ቀዳም ሹር እገባለሁ። ሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ማክሰኞ ሁለታችን እንመለሳለን። ላሟን ምራትሽ ታልብልሻለች። ዶሮዎቹን ለጎረቤት ስጪ። የጤና መድኅን ደብተርሽን ከሳጥኑ አስወጪ፤ ቁልፉ የት እንዳለ ለወንድሜ ንገሪው። ጤና ጣቢያውም የሪፈር ወረቀት ይጻፍልሽ፣ ቀድመሽ ሂጂ፣ በበዓል ሰሞን ሰው አይገኝም። ቅቤ እንዳታስይዢኝ። አልጋሽ ከትንሿ ክፍል ነው፣ ብርድ ልብስ ጨምሬበታለሁ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሹፌር ረቡዕ ይመለሳል። መልስ አታስጽፊ። «እሺ» ብቻ በይው።

ሹራቡ እጅጌው ቀርቷል። ደረቱን አልተረተርኩትም። ቋጠሮዎቹን ሁሉ ወደ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ። በእጅ ሲዳሰስ ብቻ ነው የሚታወቁት።

እንዝርቱን ተዪው፣ እዚህ ታርፊያለሽ። ካልሆነልሽ አምጪው።

ልጅሽ