ልጄ፣ የአንዱን ቀብድ ለሌላው ጣራ እንዳታረገው

ልጄ የኔ ሆድ እንዴት ነህ? ባለቤትህ ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ፣ ሐይቅ ብርዱ ሲበረታ ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ሌላ ምንም የለብኝ። በስልክ ልነግርህ ነበር ግን ሁሌም ጣራ ላይ ሆነህ ነው የምታነሳው፣ «እማ ቆይ ማታ እደውላለሁ» ትልና ማታ ደክሞህ ትተኛለህ፣ ስለዚህ ጽፌ በቴሌግራም ልላክልህ ብዬ ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው፣ ሰራተኞቹ መሀል ሆነህ አይደለም።

እህትህ ነግራኛለች። እንዳትቆጣት፣ እኔ ነኝ አፋጥጬ የጠየቅኳት። ኮምቦልቻ የመጋዘን ጣራ ልትይዝ እንደሆነ ስሰማ እልል ነው ያልኩት፣ ጎረቤቱን ሁሉ ቡና ጠርቼ ዱዓ አስደርጌልሃለሁ። ቀጥላ የነገረችኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለችው ሴትዮ ለቤቷ ጣራ የሰጠችህን ቀብድ ለኮምቦልቻው ብረት ከፈልክበት አሉ። «ኮምቦልቻ ሲከፍሉኝ እመልሰዋለሁ» ብለሃል። ልጄ የአንዱን ቀብድ ለሌላው ጣራ እንዳታረገው። ቀብድ አማና ነው። ስራውን ሰርተህ እስክትጨርስ ያንተ ብር አይደለም፣ ኪስህ ውስጥ የተቀመጠ የሰው ብር ነው።

ይሄን የምልህ ሰው ሲያወራ ሰምቼ አይደለም። አንተ ገና ጡት ላይ ነበርክ፣ አባትህ አላህ ጀነት ይስጠውና አንድ አስተማሪ የሳር ቤታቸውን ወደ ቆርቆሮ ሊቀይሩ ሚያዝያ ላይ ቀብድ ሰጡት። ከደሞዛቸው እየቆጠቡ ያጠራቀሙት ነው። ወዲያው ደግሞ ከደሴ አንድ ነጋዴ መጣና ትልቅ መጋዘን አለኝ፣ ቆርቆሮውን አንተ ግዛው ሲያልቅ ባንዴ እከፍልሃለሁ አለው። አባትህም ትልቅ ስራ ነው፣ ስሜ ይጠራበታል፣ ከዚህ በኋላ ትንንሽ ቤት አልለቅምም ብሎ በአስተማሪው ብር ገዛበት። መጋዘኑ አለቀ፣ ነጋዴው እህሉ ይሸጥና እሰጥሃለሁ አለ፣ ሰኔ ገባ፣ ሐምሌ ገባ። አስተማሪው ደግሞ ዛሬ ነገ ይመጣል ብለው ሳሩን አስነቅለው ጨርሰዋል።

ያን ክረምት ሙሉ ከነልጆቻቸው ሸራ ስር ነው ያሳለፉት። ዳቦ ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ፣ ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሰጥቶ ነበር፣ ትልቋ ልጃቸው የራሰ ደብተሯን ገፁን እየገለጠች ገመድ ላይ ታሰጣለች። ቀለሙ ሁሉ ወርዶ ሰማያዊ ውሃ ሆኗል። ቀና ብላ አየችኝና «ግቡ እትዬ» አለችኝ፣ የት ልግባ? ወርቄን ሸጠን መስከረም ላይ ቆርቆሮው ተመታላቸው። አስተማሪው አልከሰሱ፣ ሽማግሌ አልሰበሰቡ፣ አባትህን አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩትም፣ «አብሽር ያልፋል» ብቻ ነው ያሉት። ግን ከዚያ በኋላ ከአስተማሪ ቤት አንድ ስራ መጥቶልን አያውቅም። ትምህርት ቤቱ ክፍል ሲጨምር ከሌላ ወረዳ ጣራ ሰሪ አስመጡ። የሚጮህ ደንበኛ ጮሆ ይወጣለታል፣ ዝም ያለው ነው በር የሚዘጋብህ። አባትህ በዚያ ሰፈር ማለፍ ትቶ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ ነበር ጁምዓ የሚሰግደው፣ እስኪሞት ድረስ። ይሄን ላንተ ነግሮህ እንደማያውቅ አውቃለሁ። እኔም አሁን ስጽፈው እጄ ከበደኝ።

እና አሁን አንተም በዛው መንገድ ስትሄድ ዝም ብዬ አላይም። ነገ ባንክ ሂድና ለደንበኛ ቀብድ ብቻ የሚሆን ሌላ ሂሳብ ክፈት። የወር አስቤዛና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ በዛ በኩል አይለፍ። ካልሆነም ሴትዮዋ ራሷ ሱቅ ሄዳ ቆርቆሮውን በስሟ ትግዛ፣ አንተ የእጅህን ብቻ ተቀበል። ለብር ስለምትቸኩል እንጂ ይሄ ክብርህን አይቀንሰውም።

ኮምቦልቻውን ተወው አላልኩም። ግን ትልቅ ደንበኛ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚከፍል ደንበኛ ነው፣ ደረሰኝ ይጠይቅሃል፣ ከክፍያህ ላይም መያዣ ብሎ ይቀንስና ጣራው አለማፍሰሱን አይቶ ነው የሚለቅልህ። ያን ጊዜ ሰራተኛህን በምን ልትከፍል ነው? የሴትዮዋን ብር አይተህ እኮ ነው። ስለዚህ ሳትጀምር ውል ላይ ይጻፍ፣ ቅድሚያ ይሄን ያህል፣ ብረቱ ሲቆም ይሄን ያህል፣ ቆርቆሮው ሲለብስ ይሄን ያህል፣ አሸንዳው ሲያልቅ የቀረው። እምቢ ካሉ ገና አልደረስኩም በላቸውና ሌላ ዓመት ያዘው፣ ኮምቦልቻ የትም አይሄድ። ቫት ካለብህ 15 ፐርሰንቱን ዋጋህ ላይ አስበው፣ ረስተህ ከፈረምክ ከትርፍህ ነው የሚሄደው። ፕሮፎርማህ ላይም ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚቆይ ጻፍ። በ2016 ሐምሌ የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የብረት ዋጋ ምን እንደሆነ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፣ በዛሬ ዋጋ ተዋውለህ ከወር በኋላ ብትገዛ ጉድጓዱን የምትሞላው በማን ብር ነው? በሌላ ሰው ቀብድ! እኔ የምፈራው እሱን ነው።

ጥሩ ደንበኛ ከየት ላምጣ ብለሃታል እህትህን። ልጄ በየሰፈሩ ቤት እያሰሩ ያሉት እነማን ናቸው? ሳዑዲ፣ ቤይሩት፣ ዱባይ የሰው ቤት የሚሰሩ የወሎ ሴት ልጆች ናቸው። ለእናታቸው ቤት ጣራ ይልካሉ፣ መጥተው ማየት አይችሉም፣ ስንቷ ተበልታለች መሰለህ፣ በወንድሟም በአናጢም። አንተ ለአንዷ በታማኝነት ብትሰራላት፣ እንጨቱ ሲቆም ቪዲዮ፣ ቆርቆሮው ሲወርድ ከነደረሰኙ ፎቶ፣ ሲያልቅ እናቷ ቤቱ ስር ቆማ እያወራች ብትልክላት፣ እዛው አብረዋት ያሉት ሁሉ ስልክህን ይቀበሏታል። እነሱ ደግሞ መተማመኛ ካገኙ ቀድመው ይከፍላሉ፣ በሳንቲም አይከራከሩህም። ከመጋዘን ባለቤት ይልቅ እኔ እነሱን እመርጥልሃለሁ።

ዋጋ ስትሰጥም ዝርዝሩን ጻፍ፣ «ጣራ ይሄን ያህል» ብለህ ባንድ መስመር አትስጥ። ጌጁን፣ የቆርቆሮውን የውፍረት ቁጥር ጻፍ። ሰው 35 ከ32 የሚወፍር ይመስለዋል፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ የሚያውቀው ትንሽ ነው፣ በዚህ ስንቱ እየተጫወተ ነው። አንተ አስረዳ፣ ሁለቱንም በእጁ አስይዘው፣ ራሱ ጎበጥ አርጎ ይየው። ደሴ በረዶው የሚወርደውን ታውቃለህ፣ ከጦሳ የሚመጣውን ንፋስም ታውቃለህ፣ ስለዚህ ከርካሹ ጋር አትወዳደር፣ ርካሹ ለምን ርካሽ እንደሆነ ተናገርና ዝም በል። እርጥብ ባህር ዛፍ አትቀበል፣ ሲደርቅ ይጣመምና ሚስማሩን ያላላዋል። ሚስማሩ የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታ፣ ውሃ መውረጃው ላይ አይደለም፣ አዲሶቹን ልጆች ቆመህ እያቸው። በግራይንደር ከቆረጣችሁ ብናኙን ጥረጉት፣ ያ ብናኝ ነው ዝጎ አዲስ ቆርቆሮ የሚያበላሸው። ይሄን ሁሉ አባትህ ምሳ ይዤለት ስሄድ እየነገረኝ ነው ያወቅኩት፣ ደብተሩን የምጽፍለትም እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ደግሞ የሰራህበት ቤት ሁሉ ደውል። «አፈሰሰ ወይ?» በል። ይሄን የሚያረግ ጣራ ሰሪ እኔ አላየሁም። አፍስሶ ከሆነ ሳይለምኑህ ሂድና ድፈነው።

ስራም አታብዛ። የወሎን ሰማይ ታውቀዋለህ፣ ክረምቱ አለ በልጉ አለ፣ ደህና ደረቅ ጊዜህ ከመስቀል እስከ ጥር ነው። በዛች ጊዜ አራት ቤት አፍርሰህ ሁሉንም ግማሽ ብታረገው የካቲት ላይ ዝናብ ቢመጣብህ ለማን ትደርሳለህ? አንድ ጨርስ፣ ሌላ ጀምር።

ጣራ ላይ የምትታሰሩበት ገመድ ግዛ፣ ለራስህም ለሰራተኞቹም። መጋዘን ከፍታው እንደ ሰፈር ቤት አይደለም፣ ጤዛ ሳይደርቅ ማንም እንዳይወጣ። ለሰራተኞችህ ቅዳሜ ከቀትር በፊት ክፈል፣ ገበያ ሳይበተን። ቅቤና በሶ ለሹፌሩ ሰጥቼዋለሁ፣ መናኸሪያ ሄደህ ተቀበል፣ ቅቤው ፀሀይ ላይ እንዳይቆይ።

ሴትዮዋን ግን ነገ ጠዋት ሂድላት። በስልክ አይሆንም፣ በእግርህ ሂድ። ብሩ የት እንደገባ እውነቱን ንገራት፣ መቼ ቆርቆሮዋ እንደሚመጣ ቀን ቁረጥላት፣ ወረቀት ላይ ፈርምላት። ከጎደለህ ጥጃዋን እሸጣለሁ፣ ዋጋዋንም ጠይቄያለሁ፣ እንዳታፍር ብቻ ንገረኝ። የአንዱን ቀብድ ለሌላው ጣራ ካሁን በኋላ እንዳታረገው የኔ ልጅ። ከሷ ቤት እንደወጣህ ደውልልኝ፣ ስልኩን ይዤ ነው የምጠብቀው።

እናትህ
ከሐይቅ