ያን ቀን ምን አናገረሽ?

እታለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? እናትሽስ ደህና ናቸው? መውለድሽን ከሰው ሰማሁ። እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ከሰው መስማቴ ግን አንገበገበኝ።

ለሠርግሽ አልመጣሁም። አልደወልኩም። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ምክንያት ብደረድር ታውቂብኛለሽ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ስንገናኝ ቡና እየጠጣን ትቆጪኛለሽ። አሁን የጻፍኩልሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ካንቺ ሌላ የሚመልስልኝ የለም።

ፕራክቲከም፣ ማለትም የማስተማር ልምምድ፣ ወጥቻለሁ። እዚሁ ደሴ፣ አምስተኛ ክፍል፣ እንግሊዝኛ። መምህር የምትሆነው አንቺ ነበር የምትመስለኝ። ደብተርሽን በክንድሽ ከልለሽ የምትጽፊው ስስታም! ዕጣው ለኔ ወጣ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ከኋላ ተቀምጬ ሳይ ከረምኩ። 62 ልጆች ናቸው። የጠዋቱን የጦሳ ተራራ ጉም ታውቂዋለሽ፤ እጃቸው ደንዝዞ እርሳስ መያዝ ያቅታቸዋል። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ጠመኔው ለኔ ተሰጠኝ። ትምህርቱ ስለ እንስሳት ነበር። ሥዕል ስዬ ለጠፍኩ፣ ስማቸውን ከሥር ጻፍኩ። የፊት ወንበር ልጆች ጣታቸውን እያጮሁ «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» ይላሉ። እነሱን አልፌ በሩ ሥር የተቀመጠችውን ዝምተኛ ልጅ ጠራሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነው።

ተነሳች። የድመቷን ሥዕል አየች። ቃሉን አየች። ከዚያ ጥርት አድርጋ «ጨት» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «ጫት አለች! ጫት አለች!» እኔም «ኖ፣ ካት» ብዬ አረምኳት። ተቀመጠች። ይኸው 9 ቀን ሆነ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አልወጣትም።

በማግስቱ ስለ ልጅቷ ጠየቅኩ። ዘንድሮ ከባቲ ገጠር የመጣች ናት። እስከ አራተኛ ክፍል የተማረችው በኦሮምኛ፣ በቁቤ ነው፤ ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል። እዚህ ሒሳቡም ሳይንሱም በአማርኛ ሆነባት። እንግሊዝኛው ሦስተኛ ቋንቋዋ ነው ማለት ነው። ማታ ቁቤውን ከስልኬ ላይ አውጥቼ ፊደል በፊደል አየሁት። «ሲ» የምንላት ፊደል በቁቤ «ጭ» ናት። «ኪው»ን «ቅ» ይሏታል። «ኤክስ» ደግሞ «ጥ» ናት። አንቺ ይሄን በልጅነትሽ የቆጠርሽው ነው፤ እኔ ገና አሁን ነው ያወቅኩት። ልጅቷ የተማረችውን ሕግ ሳታዛንፍ ነው ያነበበችው። ያረምኳት ትክክል አንብባ ነው።

«ኤክስ» «ጥ» ናት የሚለው ላይ ስደርስ ስልኩን አስቀመጥኩት።

«ሲጥ»።

አንቺም ስትመጪ አምስተኛ ክፍል ነበርን። ቁጥር ስናነብ «ሲክስ»ን «ሲጥ» አልሽ። ከሁሉ ቀድሜ የሳቅኩት እኔ ነኝ። አጠገብሽ ነበር የተቀመጥኩት፣ ድምፄን መቼም ለይተሽዋል። ስሙንም ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። እስከ አስረኛ ክፍል «ሲጤ» ስልሽ የኖርኩት በፍቅር ነው፤ ይሄን እመኚኝ። ግን ከየት እንደመጣ እኔ ረስቼው ነበር። አንቺ የረሳሽው አይመስለኝም። ይሄን በስልክ ልነግርሽ ብሞክር አፌ ይተሳሰር ነበር። ለዚህ ነው ደብዳቤ ያደረግኩት።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። የሳቁባት ልጆች ራሳቸው «ስኩል» አይሉም፣ «እስኩል» ነው የሚሉት። «ዚስ» እና «ዛት» ይላሉ፤ ድምፁ በአማርኛ የለማ! በዚህ የሚስቅ ግን የለም። ሁላችንም ስለምንለው ጆሯችን አይሰማውም። የሷ ብቻውን ስለሆነ ተሰማ። ቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ ፊደል ነው። ባቲም ከኮምቦልቻ ሚኒባስ ተሳፍረሽ የምትደርሺባት ናት፣ ባሕር ማዶ አይደለችም። ታዲያ እኛ ለመምህርነት ስንማር ይሄ ነገር አንድ ቀን እንኳ አልተነሳም። በጣም ነው ያናደደኝ።

በእርግጥ ደህና ነገርም ተምሬያለሁ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠብቁ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጥንታለች። የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ነው። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሱ ግን የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝም የሚሉትም መናገር ይጀምራሉ። ረቡዕ ዕለት ይሄን ይዤ ገባሁ። ጠየቅኳትና በሆዴ መቁጠር ጀመርኩ። አንድ... ሁለት... 62 ልጅ ፊት 3 ሰከንድ ስንት እንደሆነ ቆመሽ ብታዪው! ሁሉም ዞሮ አያት። ዓይኗ እንባ ሲሞላ «እሺ፣ ተቀመጪ» አልኳት። ትዕግሥቴ ለሷ ችሎት ፊት መቆም ሆነባት።

ሜንተሬ፣ ልምምዴን የሚከታተሉት መምህር፣ «ተያት፣ በራሷ ጊዜ ትናገራለች» ይሉኛል። ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው፣ ምናልባት እውነታቸውን ነው። ግን 62 ልጅ መሀል ዝም ያለ ልጅ ይረሳል። ዓመቱ ሲያልቅ ነው ትዝ የሚለን። እሷን ለመርሳት ደግሞ አንጀቴ አይችልም።

ሐሙስ ጠዋት በር ላይ ጠብቄ «አካም ቡልቴ?» አልኳት። እናትሽ ያስተማሩኝ ነው፣ እሱ አልጠፋኝም። ቀና ብላ አየችኝ። «ፈያ» አለች፣ በቀስታ። ከዚያ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍና ሳቀች። አነጋገሬ ሳያስቃት አልቀረም። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም! ክፍል ስንገባ ግን ያው ዝም።

አሁን ጥያቄዬ። አንቺም ከዚያ ቀን በኋላ ወራት ዝም ብለሽ ነበር። ከዚያ በሁለተኛው መንፈቅ አንድ ቀን፣ ማንም ሳይጠራሽ ተነስተሽ ሙሉ ገጽ አነበብሽ። ሁላችንም ደነገጥን። ምን እንዳናገረሽ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩሽም። ያን ቀን የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር፤ ያነበብሽው ግማሹ አልተሰማንም። ለዚህ ነው እንዴ? ስለማንሰማሽ? ከሆነ ሰኞ ሁሉንም ባንድ ላይ አስነብባለሁ። ድምፅዋ በነሱ ድምፅ ውስጥ ይደበቅላታል። ወይስ መምህራችን ለብቻሽ የነገሩሽ ነገር ነበር? ወይስ ቤት ውስጥ እናትሽ?

እስከ እሑድ ማታ በቴሌግራም በድምፅ ላኪልኝ። ልጁ ካስቸገረሽ አጭር ይሁን። «አይዞሽ፣ ቀስ በይ» በኦሮምኛ እንዴት እንደሚባልም ጨምሪልኝ። ድሮ የማውቀው ይመስለኛል፣ ግን አጣምሜ እንዳልላት ፈራሁ።

ደብዳቤውን ስጀምር ከላይ «ሲጤ» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት። ምን ብዬ እንድጠራሽ እንደምትፈልጊ እሱንም ንገሪኝ።

ያንቺው፣
ከደሴ