«ሉክ ኢንቱ ኢት» ሲሉሽ

ይድረስ ለልጄ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ውርጭ ብቻ አልቻል ብሏል።

ማክሰኞ ማታ ስትደውዪ እንደከፋሽ ከአዲስ አበባ ድረስ ድምፅሽ ይናገር ነበር። አለቃሽ ስለ ሒሳቡ ልዩነት «ሉክ ኢንቱ ኢት» አለሽ፤ አንቺም አየሽውና ፋይሉን ዘጋሽ። እሱ የፈለገው ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አጣርተሽ እንድትነግሪው ነው። «ሉክ» ማየት ነው ብለን ያስተማርንሽ እኛ ነን፤ አልፈርድብሽም።

እኔንም ይኸው ነገር አግኝቶኛል። ፋብሪካ ሳለሁ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ስለ ጠዋቱ ስብሰባ «ዊ ኮልድ ኢት ኦፍ» አለኝ። «ኮል» የምትለዋን ብቻ ይዤ ሠራተኛውን ሁሉ ከየማሽኑ ጠራሁት። ኅዳር ነው፤ የግቢው ሣር በውርጭ ነጥቷል። ሰው እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ግማሽ ሰዓት ቆመ። ለካ ስብሰባው ተሰርዟል! የቆሙት ሰዎች ፊት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ።

ማታ ሳሰላስል ግን የእኛም ቋንቋ እንዲሁ መሆኑ ገባኝ። «አለ» ማለት ተናገረ ነው ብሎ የተማረ ፈረንጅ «ቁጭ አለ» ሲባል ምን ይረዳል? «ዝም አለ» ሲባልማ ጭራሽ ግራ ይገባዋል። እኛ ሁለቱን ቃል እንደ አንድ ስለምንሰማ አይከብደንም። እንግሊዝኛውንም እንደዚያው ያዢው።

«ፑት ኦፍ» ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው፤ «ኮል ኦፍ» ጭራሽ መሰረዝ። ቢሮ ውስጥ ይህን መለየት ትልቅ ነገር ነው፤ በአንዱ ስብሰባው ሌላ ቀን ይደረጋል፣ በሌላው ጭራሽ የለም። «ሃንድ ኦቨር» ማስረከብ፣ «ቴክ ኦቨር» መረከብ።

የ«ኢት»ንም ቦታ አስተውዪ። ፎርሙን ሙይ ለማለት «ፊል አውት ዘ ፎርም» ይባላል፤ ፎርሙ «ኢት» ከሆነ ግን መሃል ይገባል፣ «ፊል ኢት አውት»። ባለሙያውም «ኮልድ ኢት ኦፍ» ነበር ያለኝ። «ሉክ ኢንቱ» ግን አይከፈልም፤ «ኢት» መጨረሻ ላይ ትቆማለች።

መቶ ቃል ከኢንተርኔት አውርደሽ አትሸምድጂ። ቢሮ የሰማሽውን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ደብተር ላይ ጻፊው፤ ማን እንዳለው፣ ከዚያ ምን እንደተደረገም ጨምሪበት። ካልገባሽ እዚያው «ካንስልድ፣ ተሰርዟል ማለትዎ ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

ነገ ጠዋት ያን ፋይል ድጋሚ ክፈቺና ልዩነቱን ፈልጊ። ያገኘሽውንም ለአለቃሽ ንገሪው። እሑድ ስትመጪ ደብተሩን አትርሺ፤ አብረን እናየዋለን።

አባትሽ