የሙዚቃ ክበብ ዘገባ፦ ከበሮው የወጣበት ዓመት

የመጽሔቱ አዘጋጆች የጠየቁኝ የተለመደውን ነው። ስንት ጊዜ ተሰበሰባችሁ፣ ምን ሠራችሁ፣ ምን ችግር ገጠማችሁ? ይህን ቶሎ ልጨርሰው። ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ ተሰብስበናል። በ19 አባላት ጀምረን በ12 ጨርሰናል። ያለን አንድ ኪቦርድ (ሁለት ቁልፎቹ አይሰሙም)፣ ሁለት ማሰንቆ፣ አንድ ክራር፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ ማይክና የእኔ ላፕቶፕ ነው። ችግራችንን ደብረ ማርቆስ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ መብራት። ልጆቹ ቀረጻ ሲማሩ መጀመሪያ የለመዱት ነገር በየደቂቃው ሴቭ ማድረግን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ስለ ትምህርት ቤታችን አንድ ዘፈን ሠራን። ሁሉንም ነገር በድምፅ ብልጫ ነበር የምንወስነው። ሐሳቡ የእኔ ነው። የሥነ ዜጋ መምህር ምን ያድርግ? ግጥሙን አምስት ልጆች ጻፉት፣ ዜማውን ሦስት። ቅኝቱ ባቲ ይሁን አምባሰል በሚለው ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን፤ በስተመጨረሻ ሁለቱም ተሸንፈው ትዝታ ሆነ። ማንም እንዳይከፋው ብለን ማሰንቆውም ክራሩም ኪቦርዱም ከመግቢያው እስከ መጨረሻው አብረው ይጫወታሉ። ሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት ለቀቀው። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ አጠገቤ ቆሞ ትንሽ አዳመጠና ‹‹ቲቸር፣ የየትኛው ባንክ ማስታወቂያ ነው?›› አለኝ።

ተናደድኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ስሰማው ግን ልጁ ትክክል ነው። ዘፈኑ ስህተት የለበትም። የማንም አይደለም እንጂ።

ከዚያ ለአንድ ወር ያህል ልምምዱን ትተን የሌሎችን ሥራ ማዳመጥ ያዝን። ለእያንዳንዱ ሥራ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነበር፦ እዚህ ላይ የወሰነው ማን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ቃል አስቸገረን። በካሴቱ ዘመን እኛ አገር ፕሮዲውሰር ማለት ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ነበር፤ ብዙ ጊዜም ሙዚቃ ቤት ያለው ነጋዴ። ፈረንጆቹ በዚህ ስም የሚጠሩት ሰው ሥራ ደግሞ ብዙውን ለእኛ አቀናባሪው ነው የሚሠራው። ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ እያልን ስለምንከፋፍል፣ ሦስቱን አንድ ሰው ሲይዛቸው ምን እንደሚፈጠር ልብ አንልም። ልጆቹ ግን ሳልጠይቃቸው ኤልያስ መልካን ጠሩ። እሱ ያቀናበረውን ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት እንለያለን አሉ። ግጥምም ዜማም ይሠራ ነበር፤ የራሱ ስቱዲዮም ነበረው።

አሜሪካዊው ዘፋኝ ስቲቪ ወንደር ላይ ብዙ ቆየን። የዲትሮይቱ ሞታውን ኩባንያ ሲያስፈርመው ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበር። የኩባንያው መሥራች ቤሪ ጎርዲ ቀድሞ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ስለነበር ዘፈንንም እንደ መኪና በመስመር ነበር የሚያሠራው። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያጅባል፣ ሌላው ይዘፍናል። በየሳምንቱ ስብሰባ ተቀምጠው የትኛው ይውጣ ብለው ድምፅ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 ስቲቪ 21 ዓመት ሲሞላው የልጅነት ውሉ አበቃ። በአዲሱ ውል ሥራውን ራሱ የመወሰን መብት አስከበረ። በ1972 እና በ1973 ብቻ ሦስት አልበም አወጣ፤ አብዛኛውን መሣሪያ የተጫወተውም ራሱ ነው። በመጀመሪያው ቅጽበት የምንለየው ያ የኪቦርድ ድምፅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንዱ የ12ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። ‹‹ግን ቲቸር፣ ሞታውን እኮ እንደ እኛ ድምፅ እየሰጠ ነው ያን ሁሉ ሂት ያወጣው።›› ዝም አልኩ። የዚያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። አሁን ቢጠይቀኝ፣ ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች ለዓመታት በአንድ ቤት፣ ከአንድ ባንድ ጋር የከረሙ ናቸው እለዋለሁ። ለዛው የቤቱ ነበር። የእኛ ክበብ ገና ቤት አልሆነም።

ሌላው አሜሪካዊ ዘፋኝ ፕሪንስ ያስደነቃቸው በዕድሜው ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያ አልበሙ ሲወጣ 19 ዓመቱ ነበር። የአልበሙ ሽፋን 27 መሣሪያ ብቻውን እንደተጫወተ ይናገራል። በ1984 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ የሆነ ዘፈን አወጣ፤ ቤዝ (ወፍራሙ የታች ድምፅ) የሚባል ነገር የለበትም። አውጥቶ ጣለው። በኪቦርድ ቤዝ የሚጫወተው ልጃችን በግሉ የተሰደበ ያህል ተቆጣ። ‹‹እኛ ጋ ቢሆን አይጸድቅም ነበር›› አለች አንዷ። እውነቷን ነው። የሚያሳዝነው ግን ይኸው ሰው አሠራሩን ቢያዝም የዋናው ቅጂ ባለቤት ያሳተመው ኩባንያ ነበር። በዚህ ጠብ በ1993 ስሙን በምልክት ለወጠ፣ በኋላም ጉንጩ ላይ ‹‹ባሪያ›› ብሎ ጽፎ መድረክ ወጣ። ቅጂዎቹ የተመለሱለት በ2014 ነው።

ከሁሉ ግን ወደ ልጆቹ ልብ የገባው የኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ለሥራ አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮን፣ ጥቂት ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ይዘው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። ብዙዎቹ ዜማዎች አገር የሚያውቃቸው ናቸው። ድምፁ ግን የሳቸው ብቻ ነው። ‹‹ይሄማ እኛም ያለን ዕቃ ነው›› ያለኝ ልጅ የሚሰማ ኪቦርድ ያለን መስሎት ነው መሰለኝ፤ ቢሆንም ደስ አለኝ።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሕጉን ቀየርን። አራት ልጆች እያንዳንዳቸው አንድ ዘፈን ያዙ። ሰሌዳው ላይ ‹‹ውሳኔው የባለቤቱ ነው›› ብለን ጻፍን። ምክር ይሰጣል፣ ድምፅ አይሰጥም።

ሦስት ልጆች በዚያ ሳምንት ክበቡን ለቀቁ። ዘፈን ከያዙት አራት ልጆችም የተሳካላቸው ሁሉም አይደሉም። አንዱ ልጅ ሥልጣኑን እንዳገኘ 14 ትራክ የኪቦርድ ድምፅ ደራረበ፤ ‹‹ውሳኔው የባለቤቱ ነው›› ብለን ዝም አልነው። ከወር በኋላ ራሱ አጠፋው። ሁለቱ ደግሞ ደህና ነገር ሠሩ፣ ይሰማል።

አራተኛዋ የ11ኛ ክፍል ልጅ ናት። አያቷ የቅኔ መምህር ናቸው፤ እንግዲህ በቅኔ ትምህርት ቤቱ በሚታወቀው በዋሸራ አገር ያደገች ልጅ ስለ ፈጠራ ብዙ አይነገራትም። የቅኔ ተማሪ የሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ እንደሚያሳፍረው ከእኔ በፊት ታውቃለች። (‹‹ቅኔ ዘረፈ›› ማለት ከራሱ አፈለቀ ማለት መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል።) የመጀመሪያ ውሳኔዋ ከበሮውን ማውጣት ሆነ። የጎጃም ዘፈን ያለ ከበሮ! ክፍሉ ተንጫጫ። በምትኩ ጭብጨባ አስገባች፤ የራሷን ብቻ፣ ስምንት ጊዜ ደራርባ ቀርጻ። ሌሎቹ እናግዝሽ ሲሏት ‹‹የእናንተ ይፈጥናል›› አለች።

ማሰንቆ መምታት አትችልም። የሚችለውን ልጅ ኮሪደር ላይ አስቀመጠችው፣ በሩን ገርበብ አደረገች፣ ማይኩን ውስጥ ተወችው። ማሰንቆው ከሩቅ፣ ከሌላ ቤት የሚመጣ ይመስላል። 23 ጊዜ አስደገመችው። ልጁ ተበሳጭቶ ለአንድ ሳምንት ጠፋ፤ ተመለሰና 24ኛውን ተጫወተላት። ራስ መወሰን ማለት ሁሉንም በራስ እጅ መሥራት እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ስቲቪም እኮ የኤሌክትሮኒክ ኪቦርዱን ነገር ሁለት ባለሙያዎች ነበሩ የሚያግዙት።

በሚያዝያ ሁለተኛ ዘፈን ሠራች። ሚኒ ሚዲያ ስም ሳይጠራ ለቀቀው። ሜዳው ላይ የነበሩ ልጆች ገና ጭብጨባው ሲጀምር ‹‹የሷ ነው!›› አሉ። ዓመቱን ሙሉ ስጠብቀው የነበረውን ሰማሁ።

ከዚያ የወላጆች ቀን መጣ። የመጀመሪያው ዘፈኗ እንዲቀርብ ተመረጠ። ከዝግጅቱ አስተባባሪዎች አንዱ ሰምተው፣ መግቢያው ረዘመ፣ ከበሮ ይግባበት፣ ታዳሚው ይተኛል አሉ። ለእሷ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም። ማታ ላፕቶፔ ላይ ቁጭ ብዬ መግቢያውን ቆረጥኩ፣ ከበሮ ጨመርኩ። ወላጆች አጨበጨቡ፤ ጥሩ ነበር ተባልኩ።

እሷ አልተከራከረችኝም። ሰኞ መጥታ፣ ‹‹ቲቸር፣ ስሜን ከላዩ ያንሱልኝ›› አለች።

ስለዚህ የመጽሔቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ ‹‹ግጥም፣ ዜማና ቅንብር›› ተብሎ ስሟ የሰፈረው ክበቡ ውስጥ ላለው ለመጀመሪያው ቅጂ ነው። መስማት የፈለገ በእረፍት ሰዓት ይምጣ። በወላጆች ቀን የሰማችሁትን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።