እርሾ ልለምንሽ

እታለም፣

እንዴት ሰነበትሽ ብዬ ለመጀመር አፌ አልደፈረም። አባትሽ ጋሼ ሲያርፉ አልመጣሁም። ሰልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ። አንድ ቀን ባለፈኝ ቁጥር እፍረቱ በላይ በላዩ ይደረብና ስልክሽን አውጥቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ምክንያት አላጣሁም፣ ግን ልደረድርልሽ አልፈልግም። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። የቀረውን ዓይንሽን እያየሁ እነግርሻለሁ።

አሁን የምጽፍልሽ ስለ ዓሳ ነው። አዎ፣ ስለ ዓሳ። ለሁለት ዓመት ዝምታ እንዲህ ያለ መፍቻ ይገኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ግን ከአንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ሚጣ ሰባት ዓመት ሲሞላት የለመነችን ዓሳ ብቻ ነበር። እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ጋሼ ከሥራ ገብተው፣ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ እናንተ ቤት እዚያ መስታወት ፊት ቆመው ዓሳዎቹን አንድ በአንድ ሲቆጥሩ ስንት ጊዜ አይተናቸዋል! ልጄም እንደዚያ የምትቆምበት ቦታ እንዲኖራት ተመኘሁ። 60 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ዓሳ ማኖሪያ (አኳሪየም)፣ ባለ ስፖንጅ ትንሽ የውሃ ማጣሪያ፣ ጠጠርና አራት ጎልድፊሽ ገዛን። ሻጩ ዛሬውኑ ብትጨምሯቸው ምንም አይሆኑም አለን። ውሃውን ከሮቶው ቀድተን ሞላንና በዚያው ቅዳሜ ከሰዓት ለቀቅናቸው።

አምስት ቀን ቤቱ ሰርግ ቤት መሰለ። ሚጣ ከትምህርት ቤት እንደገባች ቦርሳዋን ወርውራ እነሱ ጋ ነው። ከቁርሷ የተረፈውን የዳቦ ፍርፋሪ ሁሉ ትበትንላቸዋለች፤ ፍቅሯን የምትገልጽበት መንገድ ነበርና አልከለከልኳትም። በስድስተኛው ቀን ውሃው እንደ አጓት ደፈረሰ።

ያ ቀን ደግሞ ውሃ የመጣበት ቀን ነበር። እኛ ሰፈር ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ በመጣ ቀን ጀሪካኑ፣ ልብሱ፣ ወለሉ፣ ሁሉም አብሮ ይታጠባል። እኔም አኳሪየሙን ከዚያው ጋር ደረብኩት። ዓሳዎቹን በባልዲ አድርጌ ውሃውን እስከ መጨረሻው ደፋሁት፣ ጠጠሩን በፈላ ውሃ አጠብኩት፣ ስፖንጁን ከቧንቧው ሥር ይዤ ቡኒው ሁሉ እስኪለቅ ጨመቅሁት። ከዚያ ከዚያው ቧንቧ ሞላሁትና መለስኳቸው። ኩልል ያለ ውሃ ሆነ። ማታ ሚጣን አቅፌ ቁጭ ብዬ እያየሁት እንዴት ደስ እንዳለኝ!

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አራቱም ውሃው ላይ አፋቸውን ከፍተው አየር ይለምናሉ። የሚተነፍሱበት ስንጥባቸው ቀልቷል። ነጭ ጭራ ያላት እስከ እኩለ ቀን አልቆየችም። ሚጣ አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝና «እማዬ፣ ውሃው ንጹህ አይደል እንዴ?» አለችኝ። እታለም፣ ይሄ ጥያቄ እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን ብነግርሽ... «ለቀባሪው አረዱት» ልል ነበር፣ እጄን ያዝ አደረግሁት። አንቺ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ ለማለት ነው። ቢሆንም ልንገርሽ፤ የት ላይ እንደተሳሳትኩ አንቺ እንድታይልኝ ነው።

ዓሳ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል። የሚጣ ፍርፋሪም ጠጠሩ ውስጥ ገብቶ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። ያን የሚበላ ባክቴሪያ አለ፤ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይቱም መርዝ ነው፣ የዓሳውን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ሌላ ባክቴሪያ ደግሞ እሱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬት ካልበዛ በቀር ብዙም አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ ተለጥፈው ነው። አዲስ አኳሪየም ውስጥ በበቂ ቁጥር እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ፤ ብርድ ካለ ደግሞ ይዘገያሉ። የእኛ ሳሎን ጠዋት ጠዋት ውሃው 17 ዲግሪ ነው። እኔ እንግዲህ በስድስት ቀን ውስጥ የጀማመሩትን ጥቂቶቹንም ጠርጌ ደፋኋቸው።

ክሎሪኑን ደግሞ አስቢው። መጀመሪያ ከሮቶ የቀዳነው ውሃ ቀናት ያደረ ስለነበር ክሎሪኑ በኖ አልቋል፤ አምስቱ ቀን ሰላም የሆኑት ለዚያም ነው። ያን ቀን ግን ገና ከቧንቧ የወረደውን ነው የሰጠኋቸው። ክሎሪን የሚጨመረው ባክቴሪያ እንዲገድል ነው፣ የእኔን ባክቴሪያ ከሌላው አይለይም፤ የዓሳውንም ስንጥብ ያቃጥላል። አሁን ሁለት ባልዲ ክፍቱን አስቀምጬ ሙሉ ቀን ሳላሳድር አንድ ጆግ እንኳ አልጨምርም።

የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ የውሃ መመርመሪያ ጠብታ አመጣልኝ። የአሞኒያው ብልቃጥ ቢጫ ሆኖ መቅረት ነበረበት፣ እኔ ዘንድ የበሰለ ጎመን መሰለ። የውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ ፒኤቹ ደግሞ ወደ 8 ነው። ይሄ ነው ያስደነገጠኝ፤ ፒኤች ከ7 ወደ 8 ሲወጣ ከአሞኒያው ውስጥ መርዛማ የሚሆነው ክፍል 10 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። በየቀኑ ሩቡን፣ 15 ሊትር፣ እየቀዳሁ ባደረ ውሃ እተካለሁ። ምግብ በሁለት ቀን አንዴ፣ ያውም ቁንጥር። ሚጣን ማስረዳት ከሁሉ ከበደኝ። «ራባቸው» እያለች ሆዴን ትበላዋለች።

ሁለተኛው ባለፈው ሳምንት ሞተ። ሁለት ቀሩን። አሞኒያው እየወረደ ነው፣ ናይትራይቱ ግን ወጥቷል፤ ብልቃጡ ሐምራዊ ነው። በሊትር 1 ግራም ያህል ጨው አሟሙቼ ጨመርኩ፤ ጨው ናይትራይቱ በስንጥባቸው እንዳይገባ ይከላከላል ተብሎ። ልክ ነኝ? አንቺ ብታደርጊውም እንዲሁ ነበር?

ማክሰኞ ሌሊት መብራት ጠፋ። የአየር ፓምፑ ዝም ሲል ቤቱ ሁሉ ጭር አለ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ አካባቢ በሩብ ገደማ ያንሳል፣ ናይትራይት ደግሞ ደማቸውን ይዞታል። ምን ላድርግ? ባትሪ አብርቼ፣ በኩባያ እየቀዳሁ፣ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከፍ አድርጌ መልሼ አፈስስላቸው ጀመር። ባለቤቴ ከእንቅልፉ ነቅቶ ምንም ሳይል ኩባያውን ተቀበለኝ። እየተቀያየርን እስከ ንጋት ድረስ አደርን። ሁለቱም ነጋላቸው።

ያን ሌሊት ነው ጋሼ ትዝ ያሉኝ። ስፖንጁን ቧንቧ አያስነኩትም ነበር፣ አይደል? ከአኳሪየሙ በባልዲ የቀዱት ውሃ ውስጥ አንዴ ሁለቴ ጫን ያደርጉትና እንደቆሸሸ ይመልሱታል። ያን ቡኒ ውሃ ደግሞ ይዘው ወጥተው ለሎሚው ዛፍ። አንቺ «አባዬ፣ ቤቱ ሸተተ» ብለሽ አፍንጫሽን ትይዢ ነበር፤ ዛሬ ግን ራስሽ ያንኑ ታደርጊያለሽ ሲባል ሰማሁ። ቢሾፍቱ ደርሳ የመጣች ጎረቤታችን ነች የነገረችኝ፤ «አኳሪየሙን አላፈረሰችውም፣ ልክ እንደ አባቷ ማታ ማታ ትቆጥራቸዋለች» አለችኝ ስላንቺ። ድሮም ቢሆን ለዓሳዎቹ ካልሆነ በሰዓቱ ቤት ገብተሽ አታውቂም!

ይህን ስሰማ ነገሩ ተገለጠልኝ። እኛ ቤት እናቴ ቡሃቃ ሙልጭ አድርጎ የሚያጥብ ሰው ካየች ትቆጣ ነበር፤ ለሚቀጥለው ሊጥ የሚሆነው እርሾ ዳርና ዳሩ ላይ የቀረው ነውና። አዲስ ቤት የገባ ሰውም እርሾ ከጎረቤት ይለምናል እንጂ ሊጡ በራሱ እስኪቦካ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። እኔ እርሾውን አጥቤ ደፍቼዋለሁ። ያንቺ ስፖንጅ ላይ ግን ጋሼ ስንት ዓመት ያቆዩት አለ።

እና... ሲሶውን ብትቆርጪልኝ። ከዚያ በላይ አልፈልግም፣ የአንቺዎቹ እንዳይጎዱ። አታጥቢው፣ አትጭመቂው። በዚያው በራሱ ውሃ፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ግማሹን አየር እንዲሆን አድርገሽ። በሰው ላኪልኝ ልልሽ አስቤ ነበር፣ ከቢሾፍቱ እስከዚህ መንገዱ አጭር ነው። ግን ይሄን ነገር በሰው እጅ ማስመጣት ሌላ በደል ሆኖ ታየኝ። ራሴ ልምጣ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ካለሽ።

ሚጣ አብራኝ ትምጣ ወይ? ያንን መስታወት እንድታየው ፈልጌ ነበር፤ ልጅ ፊት ደግሞ እንደልብ አይለቀስም። አንቺ እንዳልሽ ይሁን። ምሳ አትሥሪ። ሎሚው ካለ አንድ ሁለት ፍሬ እለምንሻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ለሌላ ሰው ልጠይቀው የማልችለው። ሁለት ዓመት አልፎ እንደ ለቅሶ ደራሽ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ብገባ ቁስልሽን እነካ ይሆን? እንደ ድሮው ለብሼ ብመጣ ደግሞ ጋሼን የረሳኋቸው ይመስልብኛል። እንዴት ልልበስ? ይህን ብቻ ጻፊልኝ፣ ሌላው ይቆይ።

እህትሽ