የእግር ጉዞ ማስታወቂያዎች ስለ አቀበቱም ይንገሩን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

መስከረም ጠብቶ ጭቃው መድረቅ ሲጀምር የአዲስ አበባ የእግር ጉዞ ማኅበራት ማስታወቂያ በየቴሌግራሙ ይጎርፋል። እንጦጦ፣ መናገሻ ሱባ፣ ወጨጫ፣ የረር፣ ዝቋላ፣ ወንጪ፣ ደብረ ሊባኖስ። ይዘታቸው አንድ ነው፦ የሐይቅ ፎቶ፣ አውቶቡሱ የሚነሳበት ቦታ፣ ዋጋው፣ «ምሳና ውሃን ጨምሮ»፣ በመጨረሻም «ለጀማሪም የሚሆን»። ሰው ገንዘቡን በስልክ ይልካል፣ ቅዳሜ ማታ ስኒከሩን ያጥባል፣ እሁድ በጧት ይሳፈራል። ምን ያህል አቀበት እንደሚጠብቀው ግን የነገረው የለም። ይህን የምንጽፈው እኛም ጉዞ የምናስተባብር ሰዎች ስለሆንን ጥፋቱን ወደ ሌላ አንወረውርም።

የመንገድ ርዝመት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር አቀበት ሌላ 1 ሰዓት። 14 ኪሎ ሜትር ሜዳ ለሜዳ 2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይፈጃል። ያው 14 ኪሎ ሜትር 800 ሜትር አቀበት ካለው 4 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ደግሞ ለአንድ ጠንካራ ሰው እንጂ ጫማ እያሰረ፣ ፎቶ እየተነሳ፣ እየተጠባበቀ ለሚሄድ ቡድን አይደለም። ለ25 እና ለ30 ሰው ግማሹን መጨመር ያስፈልጋል፤ ከ6 ሰዓት በላይ የእግር መንገድ ማለት ነው፣ የምሳው ጊዜ ሳይቆጠር። አውቶቡሱ ሁለት የዘገዩ ሰዎችን ሲጠብቅ አንድ ሰዓት ተኩል ቢያጠፋ፣ ያ ሰዓት ተኩል የሚቆረጠው ከማታው ብርሃን ላይ ነው። የዘገየውን ትቶ መሄድ ጨካኝነት ይመስላል፤ 28 ሰው በጨለማ ቁልቁል ማውረድ ግን የባሰ ነው።

ሦስተኛው ሊጻፍ የሚገባው ቁጥር የከፍታው ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ 2,300 እና 2,400 ሜትር ላይ ስለሚያድር 3,000 ሜትር ያለፈው የእንጦጦ ሸንተረር ቢያስለከልከው እንጂ ብዙም አያሳምመው። ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከድሬዳዋ ትናንት የመጣ ዘመድ ግን ሌላ ነው። ለበዓል መጥቶ በማግስቱ ወጨጫ ይወሰዳል፤ ራሱን ይወጋዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ «ምን በላሁ?» ይላል። የበላው ነገር የለም፤ ከፍታው ነው። ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ቢቆይ ይሻለዋል። ራስ ምታቱ ተራራው ላይ ከጀመረ ወደ ላይ አንድ እርምጃም አይጨመርም፤ እየባሰ ከሄደ፣ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተዘባረቀ ሰው አብሮት ወዲያውኑ ይወርዳል። ኪኒን ውጦ መቀጠል ሕመሙን ይደብቀዋል እንጂ አያስቆመውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሰልፉ ጅራት እንምጣ። ሠላሳ ሰው በቀጭን መንገድ ሲሄድ ብዙም ሳይቆይ ፊተኛውና ኋለኛው አይተያዩም። የፊተኞቹ መታጠፊያ ላይ ደርሰው ይቀመጣሉ፣ ብርቱካን ይልጣሉ፣ ሩብ ሰዓት ያርፋሉ። የኋለኞቹ እያለከለኩ ብቅ ሲሉ «በሉ እንነሳ» ይባላል። እንዲህ ሆኖ ጠንካራው በቀን አምስት ጊዜ ያርፋል፣ ደካማው አንድም ጊዜ አያርፍም። ከሰዓት በኋላ ቁልቁለቱ ላይ ጉልበቱ የሚከዳውና እግሩ የሚታጠፈው ያው ያላረፈው ሰው ነው፤ «ሰውነቱ ደካማ ስለሆነ» ይባላል እንጂ ዕረፍቱን እንደቀማነው አይነገርም። ዕረፍት መቆጠር ያለበት የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው። አምስት ደቂቃ ከተባለ ለእሱ አምስት ደቂቃ። ከዚህ የሚበልጥ ዘዴም አለ፦ በጣም ቀርፋፋውን ሰው ከመሪው ቀጥሎ ማሰለፍ። መሪው የሚሰማው ትንፋሽ የዚያ ቀርፋፋ ሰው ስለሚሆን ሳያውቀው ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የኋላ ጎበዞች ትንሽ ያጉረመርማሉ፣ ይለምዱታል።

የድሮ ጦር ፊታውራሪም ደጀንም ነበረው። የዛሬ የጉዞ ማኅበር ፊታውራሪ አያጣም፣ ሁሉም ፊት መሆን ይወዳል። ደጀን ተብሎ የሚመደበው ግን ብዙ ጊዜ አዲስ ፈቃደኛ ወይም ራሱ ደክሞት ወደ ኋላ የቀረው ነው። መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው። የመድኃኒቱ ቦርሳ፣ ባትሪው፣ ቻርጁ የሞላው ስልክ፣ ትርፉ ውሃ ከደጀኑ ጋር ይሆናል፤ ምክንያቱም ችግር ሁሉ ወደ እሱ እየተንጠባጠበ ይመጣል እንጂ ከእሱ አያልፍም። ደጀን ማንንም አይቀድምም፣ ለፎቶም ቢሆን። መሪው ደግሞ መንገድ በተገነጠለበት ሁሉ ደጀኑን በዓይኑ ሳያይ አይንቀሳቀስም። ከ20 ሰው በላይ ከሆነ ደጀኑ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከተጎዳ ሰው ጋር ከቆመ ሰልፉ ያለ ጅራት እንዳይቀር።

ለሽንት ወደ ጥሻ የሚገባ ሰው ቦርሳውን መንገዱ ዳር አስቀምጦ ይግባ። ቦርሳውን ያየ ደጀን ይቆማል። በየጉዞው ሰው የሚጠፋው በዚህች በሦስት ደቂቃ ነው። ቆጠራውም በጭንቅላት ሳይሆን በቁጥር ቢሆን ጥሩ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው ጧት አውቶቡስ ውስጥ የራሱን ቁጥር ይይዛል፣ በየዕረፍቱ ከአንድ ጀምሮ ይጠራራል። በጭንቅላት ስንቆጥር የሾፌሩ ረዳት ወይም ሊያየን የመጣ እረኛ ይገባና ልኩ ይሞላል። በቁጥር ሲሆን 17 ዝም ካለ የጎደለው ማን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል። (ትልቅ ስፒከር ተሸክመው ለሚመጡ፦ ከኋላ የሚጣራ ሰው አይሰማም። እዚያው አውቶቡሱ ላይ ይቆይ።)

ወንጪንና በደብረ ሊባኖስ በኩል ያሉትን ሸለቆዎች ለብቻ ማንሳት አለብን፤ የተገለበጡ ተራሮች ናቸውና። ተራራ ላይ የደከመው ሰው ገና ሲወጣ ይታወቃል፣ ይመለሳል። ሸለቆ ውስጥ ግን ሁሉም እየዘፈነ ይወርዳል፤ ድካሙ የሚገለጠው ታች ከደረሰ በኋላ፣ ሙቀቱ በበረታበትና ውሃው ባለቀበት ሰዓት ነው። ለመውረድ 1 ሰዓት የፈጀ ለመውጣት 2 ሰዓት ይያዝለት፤ ከያዘው ውሃም ከግማሽ በላዩ ለመመለሻው ይቅር። ወንጪ ላይ ፈረስ የሚያከራዩ የአካባቢው ሰዎች መኖራቸው ትልቅ ዕድል ነው፤ ዋጋውን ታች ደክሞ ከመለመን ላይ ሆኖ ሲወርዱ መነጋገር ይሻላል። ደብረ ሊባኖስ ላይ ለጭላዳ ዳቦ መወርወርም ይቅር። እጅ ማየት የለመደ ጭላዳ የሚቀጥለውን እንግዳ ቦርሳውን ይቀማዋል።

ጫማ ላይ ብዙ ውድ ምክር ይሰጣል። ዋናው ነገር ግን አዲስ አለመሆኑና ሶሉ አለመላጡ ነው። ጣት ጫማው ጫፍ ላይ የሚደርስ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ጥፍር ይጠቁራል፣ ከሳምንታት በኋላም ይወልቃል፤ ስለዚህ ጥፍር ከሁለት ቀን በፊት ይቆረጥ፣ መውረድ ከመጀመሩ በፊት ክሩ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጠብቆ ይታሰር። ውሃ የሚቋጥር እግር አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፣ ተረከዝ ላይ አንዲት ቦታ ትግላለች። ያኔ ቆሞ ፕላስተር መለጠፍ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። «ሲደርስ አየዋለሁ» ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ያነክሳል። ከተነሱ ከ20 ደቂቃ በኋላ ሁሉም ቆሞ ጃኬት የሚያወልቅበትና ተረከዙን የሚፈትሽበት አጭር ዕረፍት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጂንስና የጥጥ ሹራብ ላብ ጠጥተው አይደርቁም፤ ነፋስ ያለበት ጫፍ ላይ ሲደረስ በጠራራ ፀሐይ ያንዘፈዝፋሉ። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ አይዘንጋ።

ሰው በብዛት የሚወድቀው ሲወርድ ነው። እንጦጦ ላይ ቀንደኛው ጠላት የባሕር ዛፍ ቅጠልና የተላጠ ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ ክብ ጠጠር ሲኖር ኳስ ላይ እንደመቆም ነው። አጭር እርምጃ፣ ጉልበት በትንሹ ታጥፎ፣ ዱላ ከፊት። ሰውነትን ወደ ኋላ ማጋደል ያስተማመነ ይመስላል፣ ግን እግርን የሚያንሸራትተው እሱ ነው። ገደላማ ቦታ ላይ ድንጋይ ያስለቀቀ ሰው ከመሸማቀቅ ይልቅ «ድንጋይ!» ብሎ ይጩህ። እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱ እናቶች ደግሞ መንገድ የሚለቀው እንግዳው ነው፣ በገደሉ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ቆሞ።

በበልግና በክረምት ዳር ጧት ሰማዩ ጥርት ያለ መሆኑ ዋስትና አይደለም፤ ደመናው ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል። ብልጭታ ታይቶ ድምፁ እስኪሰማ ይቆጠር፦ ሦስት ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 30 ሳይደርስ ከተሰማ ከሸንተረሩ መውረድ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ መራቅ፣ መበታተን፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላም ወደ ላይ አለመመለስ። ጧት በድንጋይ የተሻገሩት ጅረት ከሰዓት በኋላ ከደፈረሰና እንጨት ማንሳፈፍ ከጀመረ ላይኛው አገር ዘንቧል፣ ደራሽ እየመጣ ነው ማለት ነው። እየጎደለ መሆኑን በአንድ ድንጋይ ምልክት አድርጎ መጠበቅ ነው፤ ገመድ ይዞ መፎከር አያዋጣም።

ወለምታ የደረሰበት ሰው ጫማው ይላላ እንጂ አይወልቅ፤ ካበጠ ተመልሶ አይገባም። በእግሩ አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ እንደ ስብራት ይታይ፣ ማንም አይሸው። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣናና አንድ ጠንካራ ጋቢ ቃሬዛ ይሆናሉ፤ ተሸካሚው ግን አራት ሆኖ አይዘልቅም፣ ስምንት ሆኖ በየጥቂት ደቂቃው መቀያየር አለበት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አምቡላንስ ተራራ ስለማይወጣ ደዋዩ መኪና የሚደርስበትን ቅርብ ቦታ በስም ይናገር፤ ያንን ስም የሚያውቀው የአካባቢው መሪ ነው። የአካባቢ መሪ መቅጠርና ከጉዞው በፊት ከቀበሌው ጋር መነጋገር የምንመክረው አንዱ ለዚህ ነው። ሌላው፣ የዚያን ሳምንት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከነዋሪው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ስንቅ ላይ አንጨቃጨቅም፤ በሶ፣ ዳቦ፣ ተምር ይበቃል። ቆሎ ጥሩ ነው፣ ውሃ ግን ያስጠማል። ብዙ ላብ ለሚያልበው ብዙዎቻችን ለምለም የምንለው ኦአርኤስ አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል፤ «ቶሎ እንዲሠራ» ብሎ በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ሆድ ያበላሻል።

ጋዜጣችሁ የሳምንት መጨረሻ ፕሮግራሞችን በሚያወጣበት ጊዜ ማኅበራቱን ከዋጋው ሌላ እነዚህን ቁጥሮች ቢጠይቅልን ደስ ይለናል። ማስታወቂያው እንዲህ ቢነበብ ለማለት ነው፦

«እሁድ። ርዝመት 14 ኪሎ ሜትር፤ ጠቅላላ አቀበት 800 ሜትር፤ ከፍተኛው ቦታ 3,200 ሜትር። ጉዞ የሚጀመረው 2 ሰዓት፤ የትም ብንደርስ የምንመለሰው 7 ሰዓት ተኩል፤ አውቶቡስ ጋ የምንገናኘው 10 ሰዓት። 24 ሰው፤ መሪ 1፣ ደጀን 2። ለአንድ ሰው 2 ሊትር ተኩል ውሃ፤ መንገድ ላይ ውሃ የለም። ሶሉ የተላጠ ጫማ ያደረገ አይሳፈርም።»

ከአክብሮት ጋር፣
የእግር ጉዞ አስተባባሪዎች
አዲስ አበባ