ተተኪው ቀፎ ሲመጣ ባትሪው አይረሳ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለ ቁልፍ የስልክ ቀፎ ዘመኑ አልፎበታል የሚሉ ወገኖች ብዙ ናቸው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ግን፣ ከደብረ ብርሃን አንሥቶ እስከ መሐል ሜዳ፣ ገበሬውም ነጋዴውም ገና ከኪሱ አላወጣውም። በውርጭ ጧት ጣቱ የደነዘዘ ሰው የንክኪ ስክሪን አልታዘዝ ይለዋል፤ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ አዛውንት ግን በአምስት ቁጥር ላይ ያለችውን ትንሽ ጉብታ በአውራ ጣቱ ዳብሶ፣ ቀፎውን ከጋቢው ሥር እንኳ ሳያወጣ ይደውላል።

ከእነዚህ ቀፎዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ኖኪያ 6300 በብዙ አገር የተወደደ ነበር። ፊቱና ጀርባው የማይዝግ ብረት የለበሰ፣ ውፍረቱ 11.7 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 91 ግራም ብቻ ሆኖ ዋጋው መካከለኛ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የተካው 6303 ክላሲክ፣ በእኔ ግምት፣ ተተኪ እንዴት መሠራት እንዳለበት ያሳየ ነው፤ ውፍረቱን ሳይጨምር ስክሪኑን ከ2 ወደ 2.2 ኢንች፣ ካሜራውን ከ2 ወደ 3.2 ሜጋፒክሰል ከፍ አደረገ፣ የለመድነውንም የሜኑ አሠራር አላፈረሰም። ከሁሉም በላይ የጠቀመው ግን ማንም ብዙ ያላወራለት የማዳመጫው ቀዳዳ ነው፤ የቀድሞው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ስለነበረ የተለየ ማዳመጫ ሲያስፈልገው፣ በ6303 ላይ ግን ከየትኛውም ሱቅ የተገዛ ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ማዳመጫ ገባ።

ቅሬታዬ በባትሪው ላይ ነው። የ6300 ባትሪ ቢኤል-4ሲ የሚባለው ሲሆን፣ 6100ን በመሳሰሉ የቀድሞ ቀፎዎችም ስለሚገባ በቀላሉ ይገኝ ነበር። መብራት ባልገባበት ቀበሌ የሚኖር ሰው ደግሞ ትርፍ ባትሪ ይይዝና ገበያ ሲወጣ ሁለቱንም አስሞልቶ ይመለሳል። 6303 ግን ቢኤል-5ሲቲ የተባለውን፣ ተለቅ ያለ ባትሪ ስለሚፈልግ፣ አዲሱን ቀፎ የገዛ ሰው በእጁ ያለው ትርፍ ባትሪ ከንቱ ሆነበት። አቅሙ ከ860 ወደ 1050 ሚሊ አምፒር ሰዓት ማደጉን አልክድም፤ ጥቅሙ ግን ባትሪው በአካባቢው ሱቅ ለሚገኝለት ሰው ብቻ ነው። በአንዳንድ የሞባይል ቤቶች በምትኩ የሚሸጠው አስመስሎ የተሠራ ባትሪ ብዙም ሳይቆይ ያብጥና የጀርባውን ክዳን ገፍቶ ያነሣዋል።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ 6300 4ጂ የሚል ቀፎ ወጥቷል። ኔትወርኩ ፈጣን ነው፣ ለሌላ ስልክም ኢንተርኔት ያጋራል፤ ይሁንና አካሉ ፕላስቲክ፣ ባትሪውም ከሁለቱም ቀዳሚዎች የተለየ ስለሆነ፣ ለእኔ የወረሰው ስሙን ብቻ ነው።

ስለዚህ ቀፎ አስመጪዎች አዲስ ሞዴል ሲያመጡ የባትሪውን ዓይነት በግልጽ አስታውቀው፣ በቂ ትርፍ ባትሪም አብረው ወደ ወረዳ ከተሞች እንዲልኩ እጠይቃለሁ። ጋዜጣችሁም ስለ አዲስ ስልክ በሚጽፍበት ጊዜ ከካሜራው አስቀድሞ ባትሪው የሚፈታ መሆን አለመሆኑን፣ ከየትኛው ቀፎ ጋር እንደሚቀያየርም ቢነግረን፣ ከመግዛታችን በፊት ለማወዳደር ይረዳናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን